ከአስቴር እጅ

አስቴር የነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ብቻ ሲቀራት ሁሉንም ትታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ዓመት ሊሞላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሰዎች ስለ እሷ ሲጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዱማ «ነፍስ ይማር» ሊለኝ ምንም አይቀረው። አልሞተችም እላቸዋለሁ። እኛ ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ከተማ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ርቃ ላም እያለበች ነው። ቢሳሳቱም ግን አልፈርድባቸውም፤ እኛም ቤት የገባው ለቅሶ ነው። ባለቤቴ ወይንሸት የአስቴርን አልጋ እስካሁን አላነሳችም፤ ልጃችን ሳሮን የአስቴር ስም ሲጠራ ተነስታ ከክፍሉ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ይኸው ልጽፍ ተቀምጫለሁ። የምጽፈው ላመሰግናት ብቻ አይደለም። በዚህች ልጅ ሕይወት ውስጥ አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ያውም ክራቫት አስሬ።

አስቴር ስል የሐበሻ ልጅ እንዳትመስላችሁ። አሚሽ ናት። አሚሾች ቅድመ አያቶቻቸው ከአውሮፓ የመጡ፣ እርስ በርሳቸው በጀርመንኛ ዘዬ የሚነጋገሩ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ገበሬዎች ናቸው። መብራት አያስገቡም፣ ቴሌቪዥን የላቸውም፣ በፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ፣ ልጆቻቸው ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይማሩም። መኪና መንዳት ክልክል ነው። በሌላ ሰው መኪና መሳፈር ግን ይፈቀዳል። ታዲያ ኃጢአቱን ማን ይንዳው? እኔ! ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሳነሳ ሳስቀምጥ ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ያገለገለ ቫን ገዛሁና የአሚሽ ሹፌር ሆንኩ። ሐኪም ቤት፣ ሠርግ፣ ቀብር አደርሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያ ደንበኞቼ ዮናስ፣ ሣራና አስቴር ይባሉ ነበር። ወይንሸት ስማቸውን የጻፍኩበትን ወረቀት አይታ «እነዚህ የማኅበርህ ሰዎች ናቸው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። ዮናስ አባትየው ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ሦስት ቃል ለመናገር አምስት ደቂቃ የሚያስብ ሰው። ሚስቱ ሣራ የልብ ሕመምተኛ ነበረች፤ በየወሩ ዳውንታውን አንድ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራት። ዮናስ ላሞቹን ጥሎ መምጣት ስለማይችል ይዛት የምትመጣው የመጨረሻ ልጃቸው አስቴር ነበረች።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጆቿ ከፊቷ ቀድመው ያረጁ። ሰማያዊ ቀሚሷ አንድም ቁልፍ የለውም፤ በስፒል ነው የሚያያዘው። ከነጭ ቆቧ ፀጉር የምትባል ነገር አምልጣ አትወጣም። ስትራመድ ግን ቀሚሱም ቆቡም ወደ ኋላ ይቀር ይመስል ነበር፤ እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ «ቀስ በይ፣ እናትሽ በሽተኛ ናት» እያልኩ ስከተላት ሣራ ትስቃለች።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስ የሣራን እጅ ይዛ ሰዓቷን እያየች ስትቆጥር አስቴር ምን እየቆጠረች እንደሆነ ጠየቀቻት። ነርሷም ጣቷን የት እንደምታሳርፍ አሳየቻት። ከዚያ ስንወጣ፣ ገና የቫኑን በር ሳልከፍት፣ አስቴር መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«እስቲ እጅህን።»

«እኔ ባለትዳር ነኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። አንጓዬን ይዛ፣ የእኔኑ ሰዓት እያየች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። «ዘጠና ሁለት። ምን አናደደህ?»

«የዚህ ፓርኪንግ ዋጋ ነዋ!»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋ ይኸው ሆነ። ጠዋት ስደርስ «ደህና አደርክ» የለም፤ «እስቲ እጅህን» ነው። የደም ግፊት እንዳለብኝ ሐኪሜ ሳይነግረኝ የነገረችኝ እሷ ናት። ጨው ቀንስ ብላ ስትቆጣኝ ወይንሸት ሰምታ «እኔ ሃያ ዓመት ስለፈልፍ አልሰማኝም፤ የአሚሽ ልጅ ስትለው ይሰማል» አለች። ያን ቀን ሣራ ሁለት ቀጠሮ ስለነበራት በመሀሉ እንዲያርፉ ዋይትሆል እኛ ቤት ወስጃቸው ነበር። ወይንሸት ሣራን ሶፋው ላይ አስተኝታ ነጠላ አለበሰቻት። አስቴር ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የሳሮንን መጽሐፍ አገኘች። ሳሮን ያኔ የነርስነት ተማሪ ነበረች። መጽሐፉ የተከፈተበት ገጽ ላይ የሰው ልብ ለሁለት ተከፍሎ ተሥሏል።

አስቴር ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቃ ተቀመጠች። እናቷ ተኝታ እስክትነሳ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ ሽፋን እስኪሠራ፣ ከዚያ ገጽ አልተነሳችም። በመጨረሻ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳርፋ «የእናቴ የተበላሸው ይሄ በር ነው?» አለቻት ሳሮንን። ሳሮን ወደ እኔ ዞራ «ዳድ፣ ሺ ኢዝ ስማርት» አለችኝ። እኔ አውቄዋለሁ፤ ለእኔ ምን ትነግረኛለች?

ሳሮን አሮጌ መጽሐፎቿን ሰጠቻት፤ አንዱ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የሚያዘጋጅ፣ አንዱ የመጀመሪያ እርዳታ። ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው ስላልቻለች ቫኑ ውስጥ፣ ከፊተኛው ወንበር ሥር ተቀመጡ። ሣራ ከኋላ ስትተኛ አስቴር ከፊት ታነባለች። በወር አንድ ቀን የሚከፈት ትምህርት ቤት ነበር፤ አስተማሪው እኔ፣ ሒሳብ የማልችለው። ከባዱን ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ገልብጣ ትወስድና ላም እያለበች ታሰላዋለች። በወሩ መልሱን በቃሏ ይዛ ትመጣለች። ሣራ ታውቅ እንደነበር አልጠራጠርም። የተኛ ሰው እንደዚያ ጸጥ አይልም።

አሚሾች ሕፃን አያጠምቁም። ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ አስቦ፣ በጉባኤው ፊት ተንበርክኮ ዕድሜ ልኩን በሥርዓታቸው ሊኖር ሲምል ነው። ከዚያ በፊት ልሂድ ላለ ልጅ ወላጆቹ ያዝናሉ እንጂ አያወግዙትም። መጥቶ ይጠይቃቸዋል፣ አብሯቸው ይበላል። ምሎ የሄደ ግን ይወገዛል። ከወላጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም። እነሱ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ከእሱ እጅ ግን ምንም አይቀበሉም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እንደ አየር ጠባይ ወሬ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ።

እኔም ወንድ ልጅ በእኛ ዘንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደሚነሳ ነገርኳት።

«ማንም አልጠየቀህም?»

«አርባ ቀኔ ነው፤ ምን ብለው ይጠይቁኛል?»

«አልቅሰህ ነበር?»

«እናቴ ካህኑ ጆሯቸው እስኪደነቁር ጮኸ ትላለች።»

«ታዲያ እምቢ ብለሃል እኮ» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ «ገና አልሰማሁም።» ከማን እንደምትሰማ አትናገርም። በሃያ ዓመቷ፣ በበጋው፣ ከእኩዮቿ ጋር የጥምቀት ትምህርት ጀመረች። በነሐሴ ደግሞ፣ ሣራ ሐኪሙ ጋ ገብታ እኔና እሷ ደጅ ስንጠብቅ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ «ጋሼ፣ ሰማሁ» አለችኝ። ጋሼ ማለትን ያስተማረቻት ወይንሸት ናት።

ልትሄድ ወስናለች። ነርስ ልትሆን። ጥምቀቱ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰባኪዎቹ ተጠማቂዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ሰብስበው፣ ምሎ ከማፍረስ ሳይምሉ መመለስ ይሻላልና ልቡ ያመነታ ዛሬውኑ ይመለስ ይሏቸዋል። ያኔ አልምልም ትላቸዋለች። ከምሳ በኋላ ቦርሳዋን ይዛ መንገድ ዳር ካለው የፖስታ ሳጥን ጋ ትጠብቀኛለች። ለወላጆቿ ደብዳቤ ትታ ትወጣለች።

«ግቢ እንዳትገባ» አለችኝ። «እናቴን ካየሁ አልችልም። ሳጥኑ ጋ ቁም፣ ልግባ፣ እንሂድ። ለገና በዓል ተመልሼ እመጣለሁ። ያልማልኩ ስለሆንኩ አብሬያቸው እበላለሁ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል» አልኳት። አልገባኝም ነበር።

ያን ሳምንት እኔና ወይንሸት ተማከርን። እኛ ቤት እንደምታርፍ ከሳሮን ጋር ተስማምተናል፤ እሱ ቀላሉ ነው። የከበደን አመጣጧ ነው። የሰው ሴት ልጅ ከመንገድ ላይ ጭኖ መሄድ በእኛ አገር ስሙ ጠለፋ ነው። «አባቷን ሳታናግር ይዘሃት እንዳትመጣ» አለች ወይንሸት። «ነገ ሳሮንን አንዱ እንዲህ ቢያደርግብህስ?» ልክ ናት አልኩ። ዮናስ የተከበረ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ሄጄ እንደ ሽማግሌ አነጋግረዋለሁ፣ ልጅህ ልጄ ናት እለዋለሁ፣ መርቆ ይሸኛታል። ወይንሸት ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋገረች። እኔ ለሠርግ የምለብሰውን ሱፍ ለበስኩ፤ ክራቫትም አሰርኩ።

ስደርስ አስቴር ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳጥኑ ጋ ቆማለች። ቫኑን ስታይ ፈገግ አለች፣ አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ ቀረበች። እኔ እጄን አውለበለብኩላትና አልፌያት ወደ ግቢው ታጠፍኩ። በመስታወቱ አየኋት፤ ቦርሳው ጉልበቷን እየመታት በጠጠሩ ላይ ስትሮጥ። ደስ ብሏት የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳን ያሳፍረኛል።

ዮናስ ከበረቱ ወጣ። ዳቦውን ሰጠሁት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበለኝ። እኔም ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ አቶ ዮናስ፣ ልጅዎን እንደ ልጄ አያታለሁ፣ ትማራለች፣ አደራዎን አልበላም። ዮናስ ዳቦውን እንደያዘ እኔን አየ፣ ሱፌን አየ፣ ከኋላዬ ትንፋሿ ተቆራርጦ የደረሰችውን ልጁን አየ። ምንም አያውቅም ነበር። ደብዳቤው ገና ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አዋቂ ናት» አለ በመጨረሻ። «በሩ አይቆለፍም።»

ሣራ ድምፅ ሰምታ በረንዳው ላይ ወጣች። ቦርሳውን አየች። ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ብትጮኽ፣ ብትለምን፣ ብትራገም አስቴር ትሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሣራ ግን ያለችው «ከባድ ነው፣ አስቀምጪው» ብቻ ነው።

አስቴር ቦርሳውን አስቀመጠችው። እኔን ሳታየኝ «ሂድ ጋሼ» አለች። ለሰባኪዎቹ ሐሳቤን ለወጥኩ ብላ በማግስቱ ተንበርክካ ማለች።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መውሰዴን ቀጠልኩ፤ እሷ ግን ከኋላ፣ ከእናቷ አጠገብ ሆነ የምትቀመጠው። አንጓዬን መቁጠሯን አልተወችም። ይቅርታ ስላት «ቦርሳውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» ትለኛለች። ደግነት ነው እንጂ እውነት አይደለም። ወይንሸት እንኳን «እኔ ነኝ የመከርኩህ» እያለች ልትጋራኝ ሞክራለች። የነዳሁት ግን እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ የክረምት ጠዋት ሣራ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ዮናስ ወደ ጎረቤት ስልክ ሲሮጥ አስቴር ወለሉ ላይ ተንበርክካ አምቡላንስ እስኪመጣ የእናቷን ደረት በሁለት እጇ ስትጫን ቆየች። ሣራ ተረፈች። ዮናስንና አስቴርን ወደ ኮሎምበስ ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወጥቶ ደረቷን የተጫነው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አስቴር እኔ ነኝ አለች። የት ተማርሽ ሲላት ወደ እኔ ጠቆመች፤ «በእሱ መኪና።» ሐኪሙ ሳቀ። አስቴር አልሳቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት ከጎረቤት ስልክ ኮል አደረገችልኝ። «እናቴን እየተጫንኩ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር» አለች። «እዚያ ገጽ አልደረስኩም ነበር፣ ጋሼ። መጽሐፉን የተውኩት እዚያ ጋ ነው። በሚቀጥለው ጊዜስ?»

«አሁን ብትወጪ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ከአንተ የበለጠ አውቃለሁ።»

ያን ቀን ሳጥኑ ጋ ቆምኩ። ሞተሩን እንኳን አላጠፋሁም። ለአባትሽ ነግረሻል ወይ ስላት «ነገርኩት። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ» አለች።

እኛ ቤት አራት ዓመት ኖረች። የሁለተኛ ደረጃውን ፈተና በአንድ ዓመት አለፈች፣ ኮርስ ወስዳ ዳውንታውን ሐኪም ቤት ረዳት ሆነች፣ ቀን እየሠራች ማታ የነርስነት ትምህርት ጀመረች። ሳሮን ተመርቃ እዚያው ሥራ ስለገባች ሺፍታቸው ሲገጥም አብረው ይወጣሉ። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ነፍሴ የወጣችበት ወር ነው። ቀይ መብራት ላይ ፍሬን በመርገጥ ፈንታ መሪውን ወደ ራሷ ትስባለች፣ እንደ ልጓም። «ይሄ ፈረስ አይደለም!» ብዬ ስጮህ «ፈረስ ቢሆን ኖሮ ሰምቶኝ ነበር» ትለኛለች። ወይንሸት በቀሚሷ ፈንታ ሱሪ ገዛችላት፤ ለሥራ ብቻ ለበሰችው። ቤት ስትገባ ሰማያዊውን ቀሚስ መልሳ ታደርጋለች፣ በስፒል።

በየገናው ሄዳ ትጠይቃቸው ነበር። ለብቻዋ ሳህን ይሰጧታል፣ ለብቻዋ ትበላለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ምን አሉሽ ስንላት «ደህና ናቸው» ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሷ አጥባ ያስቀመጠቻቸውን ሳህኖች እናቷ እንደገና ስታጥባቸው እንዳየች ለወይንሸት ነገረቻት። ወይንሸት ያን ቀን ራት አልበላችም።

ባለፈው ዓመት በጸደይ ሣራ ለመጨረሻ ጊዜ ገባች፤ አስቴር የምትሠራበት ሐኪም ቤት፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ። አስቴር ሺፍቷን ስትጨርስ ዩኒፎርሟን ትቀይርና በቀሚሷ እናቷ ክፍል ትገባለች። እኔ ዮናስን አምጥቼ አብሬ ተቀምጫለሁ። ሣራ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። አስቴር ውሃ ቀዳች፣ ብርጭቆውን አቀረበችላት። የሣራ እጅ ከአንሶላው ላይ አልተነሳም። ዓይኗ ብርጭቆውን አይቶ ወደ አስቴር ፊት ሄደና እዚያው ቀረ።

አስቴር ዞረችና ብርጭቆውን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ለሣራ ሰጠኋት። ሣራ ከእኔ እጅ ጠጣች፣ ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ውሃውን፣ ሾርባውን፣ ለከንፈሯ የሚቀባውን ቅባት አስቴር ለእኔ፣ እኔ ለሣራ። ያ ሁሉ የተማረ እጅ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ማንኪያ በወጉ መያዝ የማይችለው የእኔ እጅ እናቷን ያጠጣል። ውሃውን አንገቷ ላይ ሳፈስ አስቴር ፎጣውን ለእኔ ታቀብለኛለች። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ዮናስን ኮሪደር አወጣሁት።

«ሰውዬ፣ ሚስትህ እየሞተች ነው! ማን ያያችኋል? አንዴ ከእጇ ትጠጣ!»

ዮናስ እንደ ልማዱ አሰበ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ነበር።

«ሣራም ምላለች፣ እኔም ምያለሁ» አለኝ። «ልጄ እንድትመለስ ያለኝ መንገድ ይህ ብቻ ነው። ከእጇ ከተቀበልኩ አልጠብቅሽም ማለቴ ነው።» ከዚያ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። «አንተ ከእሷ ስትቀበል እቀናብሃለሁ።»

ሣራ በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ አረፈች። ከቀብሩ በኋላ ለመቶ ሰው ጠረጴዛ ሲዘረጋ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ከትልቁ ትንሽ ተለይታ ቆማ ነበር። ክፍተቱ እንዳይታይ ሁለቱን አንድ ነጭ ጨርቅ አልብሰዋቸዋል። አስቴር ትንሿ ላይ ተቀመጠች። እኔና ወይንሸት አጠገቧ ተቀመጥን። ወይንሸት እጇን በጨርቁ ላይ ስታሳርፍ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ገባ አለባት፤ ወዲያው ሰበሰበችው።

በመስከረም መጨረሻ አስቴር የመኪናዋን ቁልፍና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ አባቷ እንደምትመለስ ነገረችን። በጉባኤው ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ይቀበሏታል። ሳሮን ጮኸችባት፣ በእንግሊዝኛ፣ እኔ እንኳን ሁሉንም አልተከተልኩትም። ወይንሸት አለቀሰች። እኔ ለመንኳት። «ጨርሺው! አንድ ሴሚስተር ነው የቀረሽ። ከዚያ ሂጂ።»

«ከጨረስኩ አልሄድም» አለች።

«ታዲያ አትሂጂ!»

«ልብ ሲቆም ምን እንደሚደረግ አሁን እስከ መጨረሻው አውቃለሁ፣ ጋሼ። አባቴ ግን ቢወድቅ ከእኔ ውሃ አይቀበልም።»

«ኮሎምበስ ሙሉ በሽተኛ አለ፤ እነሱስ?»

«እነሱ ሳሮን አለችላቸው።»

ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይነዳል? ግማሽ መንገድ ላይ ለስድስት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳት። ያን ቅዳሜ ሳጥኑ ጋ ቆሜ ቢሆን ኖሮስ? ቦርሳውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ የምትለውን ጠብቄ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ቆመህ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «እናቴን እኔ አጠጣት ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። እጇን አምጥታ ክንዴ ላይ አሳረፈችው፣ እስክንደርስም አላነሳችውም። እኔ አለቀስኩ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ባይሆን ኖሮ ገደል እንገባ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ጉባኤው ተቀብሏታል። ነጭ ቆቧን አድርጋ፣ ከበረት እስከ ቤት እንደ ድሮዋ እየፈጠነች አገኘኋት። ደስ ብሎሻል ወይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እኔና ዮናስ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እሱ እንጨት ሲፈልጥ ቆይቶ ላብ በላብ ሆኗል። ከዓይኑ ሥር ያለው ተሸብሽቧል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥር ዓመት የጨመረ ሰው።

አስቴር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ወጣች። አንዱን ለእኔ በእጄ ሰጠችኝ። ሁለተኛውን ከአባቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ተመልሳ ልትገባ ዞረች። አራት ዓመት የለመደችው ነው፤ እጇ ገና መመለሷን አላወቀም። ዮናስ ግን እጁን ዘርግቶ ነበር። ብርጭቆው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ እጁን አላጠፈም። በቋንቋቸው አንድ ቃል ተናገረ፤ ስሟን ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

አስቴር ዞረች። የተዘረጋውን እጅ አየች፣ ብርጭቆውን አየች። አንስታ እጁ ላይ አደረገችለት። ዮናስ ብርጭቆውን ከነጣቶቿ ያዘው። ውሃው እየተንቀጠቀጠ በሁለቱም እጅ ላይ ፈሰሰ፣ አንዳቸውም አልለቀቁም።